ጥያቄ አለኝ፦ ያገለገለ ላርጅ ፎርማት ካሜራ ልገዛ ነው፣ የቱን ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ቆየሁ፣ 35 ሚሊ ፊልምም አነሳለሁ። አሁን አንድ ሀሳብ ይዞኛል፣ እዚህ ያሉ ሽማግሌዎችንና እናቶችን፣ ከድሮ ጀምሮ በስደት የኖሩትን ማለቴ ነው፣ ቤታቸው ድረስ ሄጄ በትልቅ ኔጋቲቭ፣ በ4 በ5 ኢንች ላነሳቸው እፈልጋለሁ። ግን ትራይፖድ ተክዬ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ "እማማ እንዳይነቃነቁ" እያልኩ አይደለም፣ ቡና እየጠጡ እያወሩ ነው ላነሳቸው የምፈልገው። ሬንጅፋይንደር፣ ርቀቱን እየለካ ፎከስ የሚያስደርገው መሳሪያ፣ ያለው ላርጅ ፎርማት አለ ሲሉኝ ፈልጌ ሶስት አገኘሁ። አንዱ ስፒድ ግራፊክ ነው፣ ጎኑ ላይ ካላርት የሚባል ሬንጅፋይንደር አለው፣ ሌንሱ ኤክታር 127፣ 380 ዶላር። ሁለተኛው ክራውን ግራፊክ ነው፣ ሬንጅፋይንደሩ ከላይ ነው፣ ዜናር 135 አለው፣ 550። ሶስተኛው ሊንሆፍ ቴክኒካ 3 ከሁለት ሌንስ ጋር 700 ነው፣ ሻጩ "የጀርመን ነው ከሁሉም ይበልጣል" እያለኝ ነው። አንድ ሌላ ግራፊክ ደሞ በ150 አለ ግን አነስ ይልብኛል። የቱን ልግዛ? ስገዛስ ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ወንድሜ ሀሳብህ በጣም ደስ ይላል፣ አታቆየው፣ እነዚህ ሰዎች እያረጁብን ነው። ባጭሩ ከፈለክ ክራውን ግራፊኩን ውሰድ እልሃለሁ፣ ግን ውሰድ ያልኩህ ከታች የምነግርህን ፈተና ካለፈ ነው፣ ካላለፈ 550 ቀርቶ ግማሹንም አትስጥበት።

መጀመሪያ ሬንጅፋይንደሩ ለምን እንደሚያስፈልግህ እንስማማ ምክንያቱም ምርጫህን የሚወስነው እሱ ነው። ተራ 4 በ5 ካሜራ ላይ ሻተሩን፣ የሌንሱን መዝጊያ ማለት ነው፣ ከፍተህ ከኋላ ያለው ፈዛዛ መስታወት፣ ግራውንድ ግላስ የሚሉት ላይ ምስሉን ታያለህ፣ ፎከስ ታደርጋለህ፣ ከዛ ሻተሩን ትዘጋለህ፣ ትወጥራለህ፣ ፊልም የያዘውን ሆልደር ታስገባለህ፣ የሆልደሩን መጋረጃ ትስባለህ፣ ከዛ ነው የምታነሳው። ሆልደሩ ከገባበት ሰኮንድ ጀምሮ በመስታወቱ ምንም አታይም። እማማ ጀበናውን ሊያነሱ ትንሽ ጎንበስ ካሉ ፎከሱ ጆሯቸው ላይ ቀረ ማለት ነው። ሬንጅፋይንደር ካለህ ግን ሆልደሩ ገብቶ መጋረጃው ወጥቶ እያለ እንኳን በትንሿ ቀዳዳ እያየህ ሁለቱን ምስል እያጋጠምክ እስከመጨረሻዋ ቅጽበት ፎከስህን ትከተላለህ። የድሮ ጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች እንዲህ ነው የሰሩት። ግራፍሌክስ ኩባንያ ስፒድ ግራፊክን ከ1912 እስከ 1973 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሮቸስተር ኒውዮርክ ውስጥ ሲሰራው ኖሯል፣ የአሶሲየትድ ፕሬሱ ጆ ሮዘንታል በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 የጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ የአሜሪካ ወታደሮች ባንዲራ ሲተክሉ ያነሳው በሱ ነው፣ ዊጂ የሚባለው አርተር ፌሊግም የኒውዮርክን ሌሊት በዚሁ ካሜራና በፍላሽ ነው ያስቀረልን። እነዚህ ሰዎች ትራይፖድ የሚተክሉበት ጊዜ አልነበራቸውም።

አሁን ለምን በሬንጅፋይንደሩ ልክነት ላይ ድርቅ እንደምል ልንገርህ። የ4 በ5 ኔጋቲቭ ስፋት ከ35 ሚሊ 13 እጥፍ ገደማ ይበልጣል፣ ስለዚህ ፊቱን የሚሞላልህ ሌንስም ረጅም ነው፣ 135 ሚሊው እዚህ ላይ የሚያየው በ35 ሚሊ ካሜራ 40 ሚሊ አካባቢ ሌንስ የሚያየውን ያህል ነው፣ የፎከስ ጥልቀቱ ግን የ135 ነው። ሰውየው ካንተ 2 ሜትር ርቆ በኤፍ 4.7 የሌንስ ክፍተት ብታነሳው ጥርት ብሎ የሚወጣው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 1 ሜትር ተኩል ብትጠጋ ወደ 12 ሳንቲ ይወርዳል። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ በቃ አለቀ። ሳሎን ውስጥ ደሞ ኤፍ 16 አታገኝም፣ 400 ፊልም እንኳን ይዘህ መስኮት አጠገብ ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 እና 1/60 አካባቢ ነው የምትውለው። ሬንጅፋይንደሩ ትንሽ ከሳተ ዓይን የሌለው ፎቶ ነው ይዘህ የምትመለሰው።

ስለዚህ ሬንጅፋይንደር ያለው ያገለገለ 4 በ5 ስትገዛ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ይሄን ነው፣ ሬንጅፋይንደሩ፣ ሌንሱና ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሀዲድ ላይ ያሉት ማቆሚያዎች አብረው የኖሩ ናቸው ወይስ ከየቦታው የተለቃቀሙ? እነዚህ ካሜራዎች 60 እና 70 ዓመት በሰው እጅ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፣ አንዱ ሌንሱን ነቅሎ ለብቻው ይሸጠዋል፣ ሌላው መሳቢያው ውስጥ ያገኘውን ሌንስ ይገጥምበታል፣ በመልክ ምንም አታውቅም፣ ፎቶው ላይ እንደውም ያማረ ይመስላል። ያልገባቸው ሻጮች "ሬንጅፋይንደሩ ይሰራል" ሲሉህ ሁለቱ ምስሎች ይንቀሳቀሳሉ ማለታቸው ነው፣ ከዚህ ሌንስ ጋር ይስማማል ማለታቸው አይደለም፣ በሁለቱ መሀል ትልቅ ልዩነት አለ።

ሁለቱን ዓይነት ለይተህ እወቅ። ጎን ላይ ያለው ካላርት በብሎን የሚስተካከል ነው፣ ሽፋኑን ከፍተህ መጀመሪያ ኢንፊኒቲውን፣ የመጨረሻ ሩቁን ማለት ነው፣ ከዛ ቅርቡን እያመላለስክ ለአንድ ሌንስ ታስተካክለዋለህ፣ ጥቅሙ በወሰኑ ውስጥ ላለ ለፈለከው ሌንስ መሆን መቻሉ ነው፣ ጉዳቱ ግን ስራው ትዕግስት ይፈልጋል፣ አንዱን ስትነካ ሌላው ይነቃነቃል፣ ማን መቼ እንደነካካውም አታውቅም። ከ1955 ጀምሮ 4 በ5 ግራፊኮች ላይ የመጣው ከላይ ያለው ሬንጅፋይንደር ደሞ በካም ነው የሚሰራው፣ ካሟ ለአንድ የሌንስ ርዝመት የተቀረጸች ትንሽ ብረት ናት፣ ቁጥር አለባት፣ ሌንስ ስትቀይር ካሟንም ትቀይራለህ። ያንተ ክራውን ላይ ዜናር 135 ካለ ካሟም ለ135 የተሰራች መሆን አለባት። ሻጩን የካሟን ቁጥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በለው፣ ካሟ የለችም ካለህ ወይ ዋጋውን ይቀንስ ወይ ተወው፣ ካሞቹ ለብቻቸው ሲፈለጉ ቶሎ አይገኙም።

ፈተናው እንዲህ ነው። ሻጩ ጋ ስትሄድ ሉፕ የሚሉትን ማጉያ መነጽር፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትርና አንድ ጋዜጣ ያዝ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ክፈት፣ ሌንሱን የተሸከመውን ፍሬም ሀዲዱ ላይ ሳበውና ኢንፊኒቲ ማቆሚያዎቹ ላይ አስደግፈህ ቆልፈው፣ ማዞሪያውን እስከመጨረሻው ወደኋላ መልሰው። ሻተሩን ክፈት፣ ሌንሱንም ሙሉ ለሙሉ ክፈተው፣ ከዛ በመስኮት በጣም ሩቅ ያለ ነገር፣ የህንጻ ጫፍ ወይም አንቴና፣ መስታወቱ ላይ በሉፕ እየው። ጥርት ካለ ማቆሚያዎቹ የዚህ ሌንስ ናቸው። ሳትነካው በሬንጅፋይንደሩ ያንኑ አንቴና እይ፣ ሁለቱ ምስል አንድ ሆኗል? እሺ። አሁን ጋዜጣውን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ 2 ሜትር ላይ ቁም፣ በሬንጅፋይንደር ብቻ ፎከስ አድርግ፣ ከዛ መስታወቱ ላይ በሉፕ ትንንሾቹን ፊደላት እይ። በ1 ሜትር ተኩል ድገመው፣ በ4 ሜትርም ድገመው። ሩቁ ልክ ሆኖ ቅርቡ ከሳተ ካሟ የሌላ ሌንስ ናት ወይ ካላርቱ በደንብ አልተስተካከለም። ሩቁም ቅርቡም ወደ አንድ አቅጣጫ ከሳተ ግን ብዙ ጊዜ ማቆሚያዎቹ ተንቀሳቅሰው ነው፣ እሱ በስክሩድራይቨር የሚስተካከል ነው፣ አትደንግጥ፣ ዋጋ መከራከሪያ አድርገው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ወጥመድ አለ። ግራፍሌክስ ኤክታላይት እያለ ይሸጠው የነበረው ፍሬኔል፣ ያ ክብ ክብ መስመር ያለው ስስ ፕላስቲክ፣ ከመስታወቱ ፊት በሌንሱ በኩል ነው የሚቀመጠው። አንዳንድ ባለቤት ተቧጭሯል ብሎ ያወጣውና መስታወቱን ብቻ መልሶ ይገጥማል፣ ወይ ደሞ ያልነበረበት ላይ ራሱ ይጨምርበታል፣ ያኔ መስታወቱ ጥርት ብሎ የሚያሳይህ ቦታና ፊልሙ የሚቀመጥበት ቦታ ተለያየ ማለት ነው። ፈተናውን ሁሉ ያልፋል፣ ኔጋቲቩ ግን ደብዛዛ ነው። ስለዚህ ከቻልክ መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ጋ ግዛ፣ በመጀመሪያው ቀን ሜትሩን አግድም ሳይሆን ከካሜራው ወደኋላ እየራቀ እንዲሄድ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ አንዱ ቁጥር ላይ በሬንጅፋይንደር ፎከስ አድርግና አንሳ፣ ፊልሙን ስታጥበው የትኛው ቁጥር ጥርት እንዳለ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል።

የቀረው ቶሎ ቶሎ የሚታይ ነው። ቤሎሱን፣ ያን የሚታጠፍ ጥቁር ወናፍ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ እስከመጨረሻው ዘርግተህ ባትሪውን ውስጡ አብራና ማዕዘን ማዕዘኑን እይ፣ ቀዳዳ ካለ እንደ ኮከብ ያበራልሃል፣ አንድ ሁለት ቀዳዳ በጥቁር የጨርቅ ፕላስተር ወይ በቀለም ይደፈናል፣ ማዕዘኑ ሁሉ ከተሰነጣጠቀ ግን አዲስ ቤሎስ ነው። ሻተሩን 1 ሰኮንድ ላይ አድርገህ ስማው፣ ዚ...ብሎ ሳይንተፋተፍ ማለቅ አለበት፣ ቅባቱ ከደረቀ መሀል ላይ ይቆማል፣ ሻተር ማጽዳት ደሞ ለባለሙያ የሚከፈል ስለሆነ ከዋጋው ላይ ቀንስ። ፍላሽ ልትጠቀም ካሰብክ ሻተሩ ላይ X የሚል መኖሩን እይ፣ M ብቻ ከሆነ ለድሮ አምፖል የተሰራ ነውና የዛሬው ፍላሽ ቀድሞ ያበራል። ሬንጅፋይንደሩ ውስጥ ያለው ግማሽ መስታወት ደሞ በዕድሜ ይደበዝዛል፣ መንገድ ላይ ፀሐይ ውስጥ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ እየው ምክንያቱም አንተ የምትሰራው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሁለተኛው ምስል ከጠፋብህ መስታወቱ ይቀየራል እንጂ ካሜራው አይጣልም። የድሮው የግራፍሌክስ ፍላሽ እጀታ አብሮ ይሸጥልሃል ካለህ አትፈልገውም፣ እነሱን የጠፈር ፊልም አድናቂዎች ሰይፍ ሊሰሩበት ስለሚፈልጉት ዋጋቸው ሰማይ ነው።

ከኋላ ያለውን ደሞ እይ። ከ1949 ጀምሮ የመጣው ግራፍሎክ የሚባለው ጀርባ መስታወቱ ወጥቶ ሌላ ነገር በተንሸራታች ብረት የሚቆለፍበት ነው። ይሄ ከሌለው ተራው ሆልደር ይገባል ግን የኢንስታክስ ዋይድ ፊልም የሚቀበለውን ሎሞግራፍሎክ የሚባለውን ጀርባ አይቀበልህም፣ ይሄ ላንተ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፣ እማማን አንስተህ እዛው ታትሞ የወጣ ፎቶ እጃቸው ላይ ብታስቀምጥላቸው ለቀጣዩ ሰው በሩን የሚከፍቱልህ እሳቸው ናቸው። 6 ፊልም በአንዴ የሚይዘው ግራፍማቲክም ሆልደር ሳትቀያይር ስለሚያሰራህ ብታገኝ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የጠየቅከኝን አንድ በአንድ። በ150 ያለው አነስተኛው ግራፊክ ወይ 2 በ3 ወይ 3 በ4 ነው፣ ግራፊክ በተለያየ መጠን ነው የተሰራው። 2 በ3 ከሆነ ከጥቅል ፊልም ጀርባ ጋር ጥሩ ካሜራ ነው ግን ላርጅ ፎርማት አልሆነልህም፣ 3 በ4 ከሆነ ደሞ ፊልሙን ፍለጋ ስትንከራተት ዕድሜህ ያልቃል። ጀርባውን በሜትር ለካው፣ የምትፈልገው ፊልም 102 በ127 ሚሊ ሜትር ነው።

ስፒድ ግራፊኩ መጥፎ አይደለም፣ ኤክታር 127 ደሞ ስለታም ሌንስ ነው፣ 4 በ5ን ልክ ሸፍኖ ስለሚያበቃ ግን ሌንሱን ከፍ ዝቅ ለማድረግ ቦታ የለህም፣ አንተ ደሞ አያስፈልግህም። የስፒድ ልዩነቱ ከጀርባ እስከ 1/1000 የሚሄድ የጨርቅ መጋረጃ ሻተር አለው፣ እሱ ደሞ ክብደትና ውፍረት ይጨምራል፣ ጨርቁ ሊደርቅና ሊሰነጠቅ ይችላል፣ በሌንሱ ሻተር ስትሰራ የኋለኛውን ክፍት አድርገህ መተው ከረሳህም ፊልሙ ባዶ ነው። ሻተር የሌለው የድሮ ሌንስ መጠቀም ለሚፈልግ ሰው ይሄ መጋረጃ ወርቅ ነው። አንተ ግን ሻተር ያለው ሌንስ ይዘህ ሰው ቤት ነው የምትሄደው፣ ስለዚህ ያንን ሁሉ ለምን ትሸከማለህ? ክራውን ማለት ያ መጋረጃ የሌለው ግራፊክ ነው፣ ቀለል ይላል፣ ቀጠን ይላል፣ የሚበላሽ ነገር ቀንሷል። ሁለቱም ላይ ጀርባው ስለማይዞር ቁመቱን ለማንሳት ካሜራውን በጎኑ ታዞረዋለህ፣ በእጅ ሲሆን ይለመዳል። ካገኘህ ደሞ ከ1958 የመጣው ሱፐር ግራፊክ ጀርባው ይዞራል፣ ቦዲው ብረት ነው፣ እሱም ግን በካም ስለሚሰራ ፈተናው ያው ነው። ቡሽ ፕረስማን የሚባል የቺካጎ ካሜራም ርካሽ ሆኖ ብቅ ይላል፣ ጠንካራ ነው፣ ሌንስ ቦርዱ ግን ትንሽ ነው ግራፍሎክም የለውም።

ሊንሆፉ... ሰውየው አልዋሸህም፣ ሙኒክ የሚሰራው ቴክኒካ በአሰራሩ ጥራት ግራፊክ አይደርስበትም፣ ጀርባው ይዞራል፣ ይጋደላል፣ ለእድሜ ልክ የሚሆን ነው። ግን ቴክኒካ ላይ ካም የሚቀረጸው ለእያንዳንዱ ሌንስ ለብቻው ነው፣ የሌንሱ መለያ ቁጥር ካሙ ላይ አለ፣ 150 የሚል ሌንስ ስለሆነ የማንም 150 ካም ይሰራል ማለት አይቻልም። በሶስተኛውና በአራተኛው ሞዴል ደሞ ካሙ ከካሜራው ቦዲ ጋር ጭምር ነው የሚስማማው፣ ለየትኛውም ካሜራ የሚሆን ካም የመጣው ከ1963ቱ ቴክኒካ 5 ጀምሮ ነው። ስለዚህ ሻጩን "ሁለቱ ሌንሶች ካማቸው አለ? ቁጥሩ ይገጥማል?" ብለህ ጠይቀው። አዎ ካለና ፈተናውን ካለፈ ሃሳቤን እቀይራለሁ፣ 700 ለዛ ጥሩ ነው። ካም የለውም ካለ በ700 ዶላር የምትገዛው ትራይፖድ ላይ ብቻ የሚሰራ ከባድ ካሜራ ነው፣ አንተ ደሞ ከመጀመሪያው የሸሸኸው እሱን ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ፊልሙን በብዛት አትግዛ፣ አንድ ሳጥን ኤችፒ5 ይበቃሃል፣ ከዛ በፊት ባዶ ሆልደር ይዘህ ቤትህ ውስጥ ያለ ሰው ላይ ተለማመድ፣ ፎከስ፣ የሆልደሩን መጋረጃ መሳብ፣ ሻተር መወጠር፣ ማንሳት፣ መጋረጃውን መመለስ፣ እጅህ ሳያስብ እስኪሰራው ድረስ። እንግዳ ሆነህ የሄድክበት ቤት ካሜራ ስትበረብር መታየት የለብህም፣ ሰዎቹን ማዳመጥ ነው ያለብህ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምሰራ አርክቴክት ነኝ። ፒያሳ አካባቢ የቀሩትን አሮጌ ቤቶች በላርጅ ፎርማት ለመመዝገብ አስቤ እህቴ ከአሜሪካ ክራውን ግራፊክ ከነሬንጅፋይንደሩና ፊልም ልታመጣልኝ ነው። ይሻላል? ፊልሙስ አውሮፕላን ላይ ምን ይሆናል? እዚህ ማን ያጥብልኛል?

መልስ፦ እህቴ ገና ሳይገዙ ስለጠየቁ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ለእርስዎ ስራ ሬንጅፋይንደር ገንዘብ የሚጣልበት ነገር አይደለም። ቤት አይንቀሳቀስም፣ ትራይፖድ ተክለው መስታወቱ ላይ በሉፕ አይተው ነው የሚያነሱት። እርስዎ የሚያስፈልግዎት የፊት ሌንሱ ወደላይ ከፍ የሚል ካሜራ ነው፣ ካሜራውን ወደላይ ካቀኑት ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ሌንሱን ብቻ ከፍ ሲያደርጉት ግን ጀርባው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ቋሚ መስመሮቹም ቀጥ ይላሉ፣ ይሄን እንደ አርክቴክት ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም። ክራውን ትንሽ ከፍ ይላል ግን ውስን ነው፣ በጎኑ ሲያዞሩት ደሞ ያችም ወደ ጎን ትሆናለች። ለእህትዎ ይንገሯት፣ ሬንጅፋይንደር የሌለው ተራ የእንጨት ፊልድ ካሜራ፣ ለምሳሌ የእንግሊዙ ኢንትሬፒድ፣ ትፈልግልዎት፣ የተረፈውን ብር ሰፊ ሌንስ ላይ ያውሉት፣ 90 ሚሊ ሱፐር አንጉሎን ዓይነት ነገር ለጠባብ መንገድ የሚሆን ነው፣ ፒያሳ ደሞ ወደኋላ የሚሸሹበት ቦታ የለም።

ፊልሙን በፍጹም በሚጫነው ሻንጣ እንዳታስገባው። እዛ ያለው ማሽን ፊልም ያቃጥላል፣ በእጅ ሻንጣ መፈተሻውም ላይ አዲሶቹ ሲቲ የሚባሉት ማሽኖች እንደዛው ናቸው። አሜሪካ ኤርፖርት በእጅ ፈትሹልኝ ካለች ይፈቅዱላታል፣ ትንሽ ቀደም ብላ ትድረስ። የሺት ፊልም፣ በነጠላ በነጠላ የተቆረጠው ማለት ነው፣ ጣጣው ሳጥኑ ከተከፈተ ሁሉም መበላሸቱ ነው፣ ስለዚህ ያልተከፈተ አዲስ ሳጥን ታምጣ፣ ላዩ ላይ በትልቁ በእንግሊዝኛ ብርሃን ውስጥ አይከፈት ብላ ትጻፍበት፣ ፈታሹንም በአፏ ትንገረው።

ማጠቡን ራስዎ ይጠቡት፣ ከሚያስቡት በላይ ቀላል ነው። ጥቁርና ነጭ ይሁን እንጂ። በጣም ጨለማ የሆነ መታጠቢያ ቤት ካለዎት በሶስት ትሪ ይሆናል፣ ካልሆነ ሞድ54 የሚባል ለፓተርሰን የፊልም ማጠቢያ ታንክ የሚሆን መያዣ አለ፣ በአንዴ 6 ፊልም ይይዛል፣ ሆልደርና ታንክ ለመሙላት ብቻ ጥቁር ከረጢት ይበቃዎታል። ኬሚካሉን በዱቄት መልክ ትያዝ፣ ዲ-76 ወይም አይዲ-11፣ ፊክሰሩንም የዱቄቱን፣ ፈሳሽ ይዞ መጓዝ ችግር ነው። የኬሚካሉ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈለገው፣ በዚህ አዲስ አበባ የታደለች ናት፣ ቆላ ያለ ሰው በረዶ ሲፈልግ እርስዎ ትንሽ ለብ ማድረግ ብቻ ነው። የመጨረሻውን እጥበት ግን የተጣራ ውሃ ያድርጉት፣ የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጥብ ይተዋል፣ ያ ነጥብ ደሞ ሰማዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ሌላ አንድ ነገር፣ ሰማያዊው ሰማይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ቢጫ ፊልተር አይለይዎት፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን በረንዳ ስር ያለው ጥላ ጥቁር ይሆናል፣ እነዛ የእንጨት በረንዳዎች ዝርዝራቸው ያለው ደሞ እዛ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ወይም ደመና ሲሆን ይውጡ።

እባክዎ እያንዳንዱን ኔጋቲቭ ቀንና ቦታ ጽፈው ያስቀምጡ። ቤቱ ከሌለ በኋላ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ። ስፒድ ግራፊክ አለኝ፣ ኤሮ ኤክታር የሚባል ሌንስ ልገጥምበት ነበር ጀርባው የሚቀልጥ ፖርትሬት ስላየሁ፣ ጓደኛዬ ጨረር አለው አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ኮዳክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር አውሮፕላን የስለላ ፎቶ የሰራው 178 ሚሊ ኤፍ 2.5 ሌንስ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ቶሪየም አለ፣ በእድሜም ብርጭቆው ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ፀሐይ ላይ ወይ አልትራቫዮሌት መብራት ስር ለቀናት ሲቀመጥ ቢጫው ይቀንሳል። ካሜራ ላይ ሆኖ ለአጭር ጊዜ ማንሳት አንድ ነገር ነው፣ አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ልጆች እንዲጫወቱበት መስጠት፣ መስታወቱን መቧጨር ወይ መፈግፈግ ግን አይሆንም፣ ሳጥን ውስጥ ከመኝታ ክፍል ርቆ ይቀመጥ።

ሌንሱ ሻተር ስለሌለው የሚሰራው ያንተ ካሜራ የጀርባ መጋረጃው ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው፣ መጀመሪያ እሱን ፈትሽ። ሁለተኛ ኤፍ 2.5 ላይ 2 ሜትር ርቀት ላይ የፎከስ ጥልቀቱ ስድስት ሰባት ሳንቲ ሜትር ነው፣ በእጅ ይዘህ ለመስራት ካሰብክ ካላርቱን ለዚህ ሌንስ እንደገና ማስተካከል ግዴታ ነው፣ ያኔ የድሮው ሌንስህ ከሬንጅፋይንደሩ ጋር መስማማቱን ያቆማል፣ ሁለቱንም በአንድ ማስተካከያ አትይዛቸውም። ትራይፖድ ላይ አድርገህ ሰውየውን ወንበር ላይ አስቀምጠህ በመስታወቱ የምታነሳ ከሆነ ግን ካላርቱን አትንካው፣ ባለበት ለድሮው ሌንስህ ተወው።